የጠፋው ስድስት መቶ ሰባ ጊጋ

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ኮምፒውተር ነበር። በጎኑ የተለጠፈው ወረቀት «1000 ጊጋ» ይላል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ለዓመታዊ ቆጠራ መጥቶ ሲከፍተው ግን ስክሪኑ «330» ብሎ መለሰለት። ሠላሳ ዓመት ወንበርና መደርደሪያ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነውና ለመቀነስ ማሽን አላስፈለገውም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈ፦ «ስድስት መቶ ሰባ ጊጋ ጎድሏል። ንብረቱን የያዘችው ሠራተኛ ትጠየቅ።»

ንብረቱን የያዘችው ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ዙሪያ በሜትር እየለካች ነበር። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ባለ ካርታዋ» ይሏታል። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን የማታነሳ፣ የጠየቁትን መልሳ ዝም የምትል ሴት ናት። ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታላቅ እህቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። እህቷ በጎረቤት ሁሉ ፊት የምትቀልድባት አንድ ነገር አለ፤ የጋራ መሳቢያቸውን በካርቶን ለሁለት መክፈሏ።

«እህቴ እኮ ናት!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ ለደንበኞቿ፣ በጥርሷ መርፌ እንደያዘች። «የኔ ቁልፍ ወደሷ እርሳስ እንዳይሻገር ድንበር አበጀችልኝ። ነገ ደግሞ አልጋውን ትከፍለዋለች!»

«ባለፈው ወር እርሳሴን ፍለጋ ስገባ መርፌሽ ጣቴን የወጋኝን ረሳሽው?» ትመልሳለች ባለ ካርታዋ።

ድንበር ማበጀትን የተማረችው ግን ከመሳቢያ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የንድፍ ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር መጀመሪያ የጠየቀችው የቧንቧ መስመሮቹን ካርታ ነበር። ካርታ የለም አሏት። ከተማው በሙሉ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣና የትኛው ቫልቭ የትኛውን ሰፈር እንደሚዘጋ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። የረዥም ብረት አንዱን ጫፍ አስፋልት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አስደግፎ ከመሬት በታች የሚያፈሰውን ቧንቧ በድምፁ ያገኝ ስለነበር «ጆሮ» ብለውታል። የመሥሪያ ቤቱ አመራር ለአርባ ዓመት ያንን ሁሉ እውቀት በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ አስቀምጦ በሰላም ተኝቷል። ማንም ስለዚህ አልተጠየቀም።

ስምንቱን ወር ከጆሮ ኋላ ሜትርና ደብተር ይዛ ተጓዘች። በሦስተኛው ቀን አንድ የመድኃኒት መደብር ፊት ለፊት፣ አስፋልት ሥር የተቀበረ ቫልቭ ላይ ቆመው እንዲህ ተባባሉ።

«አባባ፣ 'መድኃኒት መደብሩ በር ላይ' ብዬ ብጽፈው አይበቃም?»

«ነገ ሥጋ ቤት ቢሆንስ?»

«እሺ፣ ከማዕዘኑ ስንት ሜትር እንደሆነ ልለካው።»

«እሱን ብቻ ይዘሽ ከማዕዘኑ ዙሪያ እንደ ፈረስ ስትዞሪ ልትውይ ነው? በዚያ ርቀት ላይ ያለው ቦታ ሁሉ እኩል እኮ ነው።» ሽማግሌው ሳቀ። «ከማዕዘኑ ለኪ። ከዚያ ከመብራት ምሰሶው ለኪ። ሁለቱ ሜትር የሚገናኙበት ላይ ብቻ ቆፍሪ። ቀብረሽ የምትሄጂውን ነገር ሁሉ ከሁለት ቋሚ ነገር ለክተሽ ካልጻፍሽው ጣልሽው እንጂ አልቀበርሽውም፤ ገባሽ ልጄ?»

ገባት። ጆሮ ጡረታ ከወጣ በኋላም እየሄደች፣ እየጠየቀችው፣ እየለካች ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቫልቮችን በአሥራ ሁለት ደብተር መዘገበች፤ ከደብተሩም ወደ ኮምፒውተር ካርታ ቀየረችው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘችው እርዳታ ያ ጥቁር ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ እሱም ለብቻዋ አልተሰጣትም።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ሥራውን የሚረከብ አንድ አዛዥ አለው፤ ስርዓተ ክወና የሚባለው ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወርኃዊ ሪፖርት የሚሠራበት ፕሮግራም ሁሉም ሰው በሚያውቀው በአንደኛው ስርዓት ላይ እንጂ በሌላ አይሄድም። የካርታው ፕሮግራም ደግሞ በሌላው ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ ካርታዋ ሁለተኛ ኮምፒውተር እንዲሰጣት ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቀች። ሦስቱም ደብዳቤዎች ገቢ ተደርገው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለአንዱም መልስ አልመጣም። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሏት አንዱን ዲስክ ከፍላ ሁለቱንም ስርዓቶች አንድ ማሽን ላይ ጫነች። ኮምፒውተሩ ሲበራ «የትኛውን ልቀስቅስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሪፖርት ጸሐፊዋ የራሷን ትመርጣለች፣ ባለ ካርታዋም የራሷን።

አደጋው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀመረ። አንደኛው ስርዓት የሌላውን ክፋይ ማንበብ አይችልም። ማንበብ ያልቻለውን ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። የሪፖርት ጸሐፊዋ በከፈተችው ቁጥር «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ላድርገው?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ ፎርማት ማለት ደግሞ ያለውን ሁሉ መጥረግ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማሽን ለሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ «አዎ» ብሎ መጫን የተለመደ ነው፤ ጥያቄውን ቆሞ የሚያነብ የለም፤ ወረፋ ያለበት ሰው «አዎ» ይላል፣ መስኮቱ ይጠፋል፣ ሥራው ይቀጥላል። አንድ ቀን ባለ ካርታዋ የጸሐፊዋን እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ያዘችው።

«ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ እኮ!» አለች ጸሐፊዋ።

«ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነዋ!»

በዚያው ቀን ሦስት ነገር አደረገች። የካርታው ክፋይ በአንደኛው ስርዓት ውስጥ የሚታወቅበትን የመለያ ፊደል አነሳች፤ ፊደል የሌለው ክፋይ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ጥያቄውም ቀረ። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል አሥራ ስድስት ጊጋ የምታህል ትንሽ ክፋይ እንደ ግድግዳ አቆመች። ለሁለተኛው ስርዓት፣ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ሲሞላ ትርፉ የሚያርፍባት ቦታ ሆና ታገለግላለች፤ ዋና ሥራዋ ግን አንደኛው ስርዓት ልስፋ ቢል እንኳ ወደ ካርታው እንዳይዘልቅ መከልከል ነው። ሦስተኛውን ያደረገችው ጆሮን አስባ ነው። ዲስክ ሴክተር በሚባሉ ጥቃቅን እኩል ስንዝሮች የተከፋፈለ ሜዳ ነው፤ እያንዳንዱ ክፋይም ከአንድ ስንዝር ጀምሮ በአንድ ስንዝር ያልቃል። የካርታው ክፋይ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቁጥር በአሥራ ሁለተኛው ደብተር የጀርባ ሽፋን ውስጥ፣ ከቫልቮቹ ልክ ሥር፣ በጥንቃቄ ጻፈችው፦ መነሻ 725616640፣ መድረሻ 1953523711። ይህም የተቀበረ ነገር ነው፤ ልኩ ከሁለት ወገን ተጻፈ።

ጥፋት አልነበረባትም ለማለት አይደለም። ግድግዳውን ስታቆም ለምን እንዳቆመችው ለማንም አልነገረችም። «የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብላ አስባ ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ ማሰብ ጥፋት ከሆነ፣ ጥፋቷ ይኸው ነው።

የሌሎቹ ጥፋት ግን በቀንና በሰዓት የሚቆጠር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የንብረት ክፍሉ አሥራ አንዱን ደብተሮች «ይዘታቸው ወደ ኮምፒውተር የተዛወረ አሮጌ ወረቀት» ብሎ አስወገዳቸው። አሥራ ሁለተኛው የተረፈው ባለ ካርታዋ ቦርሳ ውስጥ ስለነበር ብቻ ነው፤ በውስጡም ያሉት የከተማው ዳር ሰፈሮች ቫልቮች ብቻ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የካርታው ቅጂ ያለበትን ተንቀሳቃሽ ዲስክ «መለያ ቁጥር ሊለጠፍበት» ብሎ ወሰደው። እንዲመለስላት ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ ዲስኩ ከሌሎች ዲስኮች ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ ወደ ዋናው መጋዘን ተልኮ ነበርና ካርቶኑ የት እንደገባ የሚነግራት ጠፋ። ስለዚህ ቆጠራው በተጀመረበት ማክሰኞ፣ የከተማው የውሃ መስመር ካርታ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ፊደል በሌለው ክፋይ ውስጥ።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የንብረት ኃላፊው የዲስኩን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፈተ። ሦስት ክፋዮች አየ። አንዱ ፊደል ያለው 330 ነው። አንዷ ፊደል የሌላት ትንሿ 16 ናት፤ እንደሷ ያሉ ስም የለሽ ትንንሾችን በሌሎቹም ኮምፒውተሮች ላይ አይቶ ስለነበር «የማሽኑ የራሱ ነች» ብሎ ተዋት። ሦስተኛው ፊደል የሌለው ትልቁ 585 ነው። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ትልቁን አጥፋ ብሎ አዘዘ። ማሽኑ ጠየቀው፦ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል? ኃላፊው «አዎ» አለ።

ከዚያ ቦታውን ከ330ው ጋር ሊያጣብቀው ፈለገ፤ ምክንያቱም የቆጠራው ቅጽ ለአንድ ማሽን አንድ ሣጥን ብቻ ነው ያለው፣ በሣጥኑም ውስጥ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ነው። ባዶውን ለብቻው ሌላ ክፋይ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቁጥሩ ሁለት ሊሆን ነው፤ ቅጹ ደግሞ ሁለት አይቀበልም። «አስፋ» የሚለው ትእዛዝ ደብዝዞ አልጫን አለው። ትንሿ ግድግዳ መሐል ቆማለች። ምናልባት አጥፍቼ ሳበራው ይታዘዘኛል ብሎ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከፈተው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ብቻ ወጣች፦ ክፋዩ አልተገኘም። «የትኛውን ልቀስቅስ?» ብሎ የሚጠይቀው ዘበኛ የሚኖረው እሱ ራሱ ባጠፋው ክፋይ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሞተ።

በቆጠራው ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነው፦ «ሠራተኛዋ ንብረቱ እንዳይቆጠር ሆን ብላ ወጥመድ አስቀምጣለች።» ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት። ባለ ካርታዋ ማክሰኞንም ረቡዕንም የዋለችው ኮረብታው ላይ ስትለካ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኳ ክፍት ነበር። አንድም ሰው አልደወለላትም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። የጥገና ቡድኑ ፎርማን ነው። ከኋላው ውሃ ሲያገሣ ይሰማል።

«ባለ ካርታዋ! የት ነሽ? ዋናው መስመር ፈንድቷል። ማዋለጃ ክሊኒኩ ያለበት መንገድ ወንዝ ሆኗል፤ ምድር ቤታቸው ውስጥ ጄኔሬተሩ ሊሰጥም ነው። የቫልቩን ልክ ስጪኝ!»

«ቢሮው በር ላይ ነኝ። አሁን እከፍትልሃለሁ።»

«አስፋልቱን አምና ደርበውበታል፣ ክዳኑ አይታይም። ጆሮ ቤት ደወልኩ፤ ዛሬማ ስልክ አይሰሙም፣ ባለቤታቸው ጆሯቸው ላይ ጮኸው ጠየቁልኝ። 'ከማዕዘኑ ይለካ፣ ከምሰሶው ይለካ' ይላሉ። ስንት ሜትር ስላቸው ባለ ካርታዋን ጠይቅ ይሉኛል!»

«ልክ ናቸው። ስልኩን አትዝጋው።»

ክፍሏ ስትገባ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። የንብረት ኃላፊው ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከቶ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት ወደ ውጭ ያያል። ኮምፒውተሮቹን ከሚያቀርበው ድርጅት የተጠራው ጎልማሳ የጥገና ባለሙያ ደግሞ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ አዲስ ስርዓት የሚጭንበትን ፍላሽ ሊሰካ ጎንበስ ብሏል።

«ይቆዩ ወንድሜ፣ እንዳይሰኩት» አለች ባለ ካርታዋ። ድምጿ አልጨመረም።

«አይጨነቁ እህቴ» አለ ባለሙያው ፈገግ ብሎ። «ሁሉንም ጠርጌ አንድ ወጥ አደርገዋለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ይሆናል።»

«ኮምፒውተሩን ምን አደረጋችሁት?» አለች ወደ ኃላፊው ዞራ።

«ጠያቂው እኛ ነን እንጂ እርስዎ አይደሉም!» ኃላፊው ፋይሉን ከፈተ። «ስድስት መቶ ሰባ ጊጋ ደብቀዋል። እኛ አምስት መቶ ሰማንያ አምስቱን አግኝተን ነፃ አውጥተናል። የቀረውን ደግሞ...»

«ነፃ አወጣችሁት።» ቃሉን እንዳልሰማ ሰው ደገመችው። «ከዚያ በኋላ ዲስኩ ላይ የጻፋችሁበት ነገር አለ? አዲስ ክፋይ? አንድም ፋይል?»

«እንዴት ብለን? ማሽኑ አልከፈት ብሎ! ያስቀመጡት ወጥመድ...»

ባለ ካርታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዥሙ ተነፈሰች። ኮምፒውተሩ አልከፈትም ባይል ኖሮ ይህ ሰው ሁለቱን ቀን ሙሉ ሲጽፍበት ይውል ነበር። እነሱ በወንጀል የከሰሱት ጥቁር ስክሪን ካርታውን ከእነሱ እጅ የጠበቀው ብቸኛ ሠራተኛ ነበር።

«የሰረዛችሁት አድራሻውን ነው» አለች። «ቤቱ እዚያው ቆሟል። ባለሙያው ፍላሹን ሰክተው ጠርገው ከጫኑበት ግን ቤቱም ይፈርሳል። ወንበሬን ይልቀቁልኝ።»

«ወንበርዎን!» ኃላፊው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ጌታዬ፣ በምርመራ ላይ ያለ ንብረት እኮ ነው! ማስረጃውን ልታጠፋው ነው።»

ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ ባኖረችው ስልክ ውስጥ ፎርማኑ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማው፦ «ኧረ እባክሽ! ውሃው ከደረጃው ሦስተኛው ላይ ደርሷል! እናቶቹን ወደ ላይ እያወጧቸው ነው!»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ከኪሱ አወጣ። «ምን ያህል ጊዜ ይበቃዎታል?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ወንበሩንም መሥሪያ ቤቱንም እለቅላችኋለሁ። ይሆናል ግን።»

የጥገና ባለሙያው ማንም ሳያዘው ተነሣ። ባለ ካርታዋ ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አወጣች፤ ሁለተኛው ስርዓት ሳይጫን የሚነሳበትን የራሷን ፍላሽና ማዕዘኖቹ የተላላጡ አሥራ ሁለተኛውን ደብተር። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ተነሣ። የዲስኩን ሜዳ ለባለሙያው አሳየችው፦ 330ው አለ፣ ትንሿ ግድግዳ አለች፣ ከግድግዳዋ ወዲያ ባዶ። የደብተሩን የጀርባ ሽፋን ገልብጣ ስልኳን ክብደት አድርጋ አስቀመጠችበት።

«መነሻ» አለችና ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራች ጻፈችው። «ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ስድስት፣ አራት፣ ዜሮ። እርስዎ ያንብቡልኝ፤ እኔ ከስክሪኑ አረጋግጣለሁ።»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ አነበበላት። መድረሻውንም እንዲሁ አደረጉ።

«ይህን ቁጥር ከየት አመጡት?» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር የክፋይ ልክ በእጁ የጻፈ ሰው አላየሁም።»

«ቫልቭ መስሎኝ ነው» አለች።

ማሽኑ አዲሱን ክፋይ በአሮጌው ልክ አሰመረ። ከዚያም ቆም ብሎ ጠየቀ፦ እዚህ ቦታ ላይ የቀድሞ ክፋይ ምልክት ተገኝቷል፤ ይጥፋ?

ከትከሻዋ በላይ ሲመለከት የነበረው ኃላፊ አላስችል አለው። «ይኸው ራሱ ጠየቀዎት እኮ! አዎ ይበሉት እንጂ!»

ባለ ካርታዋ አልዞረችም። ጥያቄውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአውራ ጣቷ እየተከተለች አነበበችው። በዚያች ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያልተደረገ ነገር አደረገች፤ «አይ» የሚለውን ተጫነች።

ከዚያ ክፋዩን ምንም ሳትጽፍበት፣ ለማንበብ ብቻ ከፈተችው። ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ አሰበ። ፎልደሮቹ እንደተዋቸው ተሰልፈው ወጡ። የካርታውን ፋይል ስትከፍተው ሰማያዊ መስመሮቹ ስክሪኑን ሞሉት፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቀይ ነጥቦች በየቦታቸው ነበሩ። ባለሙያው ከልቡ «ኧረ!» አለ። ኃላፊው ፋይሉን ዘጋ።

«ፎርማን፣ አለህ?»

«አለሁ፣ ጉልበቴ ድረስ አለሁ!»

«ከክሊኒኩ አጥር ሰሜን ማዕዘን አራት ሜትር ከሃያ። ከመብራት ምሰሶው ሰባት ሜትር ከስልሳ አምስት። ሁለቱ ሜትር የሚገናኙበት ላይ ቆፍር።»

በስልኩ ውስጥ ሜትር ሲዘረጋ፣ ሰዎች ሲጯጯኹ ተሰማ። «እዚህ ምንም የለም እኮ፤ ለስላሳ አስፋልት ነው!»

«የሚታይ ነገርማ ቢኖር መች ትደውልልኝ ነበር? ቆፍር።»

ዶማው ወረደ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ። በመጨረሻ ብረት ከብረት ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«ክዳን!» ፎርማኑ ጮኸ። «ክዳኑን አገኘነው! አንቺ ሴት፣ ለእህትሽ ንገሪያት፣ ለሚስቴ የሰፋችውን ቀሚስ ዋጋ እጥፍ እከፍላታለሁ!»

«እሷም የምታምንህ አይመስለኝም» አለች ባለ ካርታዋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከስልኩ ጀርባ ያገሣ የነበረው ውሃ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ዝም አለ። የጄኔሬተሩ እግር ተነክሮ ነበር፤ ሞተሩ ግን አልሰጠመም።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ያለ ፍላሽ አበራችው። ዘበኛው ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ እንደ ድሮው «የትኛውን ልቀስቅስ?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚህ በኋላ ምን እንደተደረገም መመዝገብ አለበት። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። ቃለ ጉባኤው አልተሻረም፤ «ወጥመድ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በማኅደሯ ውስጥ ነው። የንብረት ኃላፊው «በጥንቃቄ በተደረገ ቆጠራ የተሰወረ ንብረት በማግኘት» የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ደብዳቤውን የፈረመው በዚያች ክፍል ቆሞ ሁሉን በዓይኑ ያየው ሥራ አስኪያጅ ነው። በሳምንቱ ለባለ ካርታዋ አዲስ ደብዳቤ ደረሳት፦ ሦስቱ ክፋዮች ተደምረው 931 ጊጋ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ቀሪው 69 ጊጋ የት እንደገባ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ።

መልሷ ግማሽ ገጽ ነበር። የዲስክ ፋብሪካ ጊጋውን በሺህ እያባዛ፣ ኮምፒውተሩ ግን በሺህ ሃያ አራት እያባዛ እንደሚቆጥር፣ ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ በዚሁ ሒሳብ እንደሚጎድሉ፣ የኃላፊው የራሱ ጠረጴዛ ላይ ያለውም ጭምር መሆኑን አስረዳች። «ባለ 500 ጊጋው የእርስዎ ማሽን ጉድለት 35 ጊጋ ነው፤ በዚሁ አጋጣሚ ቢያስመዘግቡት መልካም ነው» ብላ ዘጋችው። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ግድግዳውን ግን ዳግመኛ በዝምታ አላስቀመጠችውም። በኮምፒውተሩ ጎን፣ «1000 ጊጋ» ከሚለው ወረቀት በታች፣ በትልልቅ ፊደላት ሌላ ወረቀት ለጠፈች፦ «በውስጡ ሦስት ክፋይ አለ። አንዱ የሪፖርት፣ አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ የከተማው ውሃ። ፊደል የሌለው ባዶ አይደለም። ማሽኑ ከጠየቀዎት ያንብቡ፤ ካልገባዎት 'አይ' ይበሉ።» ሥሩም መነሻና መድረሻውን ጻፈች። የሪፖርት ጸሐፊዋ አንብባ ስትጨርስ «እኔን እኮ ነው የሰደብሽው» አለች፤ ግን ወረቀቱ እንዳይቀደድ በፕላስተር ዙሪያውን ያጠበቀችው እሷው ነች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለ ካርታዋ በራሷ ገንዘብ ገዝታ የካርታውን ቅጂ ያኖረችበትን ትንሽ ዲስክ ይዛ ጆሮ ቤት ሄደች። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነበር፤ እግሩ ከአምና ጀምሮ አይታዘዘውም። የሆነውን ሁሉ ጆሮው ሥር ተጠግታ ነገረችው። «አይ» ያለችበት ቦታ ስትደርስ እስኪያስለው ሳቀ።

«ይቺ ናት ከተማዋ በሙሉ?» አለ ዲስኩን በመዳፉ ይዞ እየመዘነ። «እኔ እኮ ብረት ተሸክሜ ትከሻዬ ተጣመመ።»

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ አባባ። እዚህ ቆጣሪ አይመጣም።»

ሚስቱ የመርፌ ቆርቆሮ ሣጥን አመጣችላቸው። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥኑ ውስጥ አደረጉት። ከአልጋው ሥር ያለችውን የላላች ጣውላ ባለ ካርታዋ አንሥታ ሣጥኑን አስገባችውና ጣውላዋን መለሰች። ልትነሣ ስትል ሽማግሌው በምርኩዙ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ሜትርሽስ?»

ባለ ካርታዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከበሩ መቃን ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ከመስኮቱ ማዕዘን አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት። ጆሮ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ እስክታነብለት ጠበቀ፣ ሁለተኛ አስነበባት፣ ከዚያ በኋላ ነው ራሱን ነቅንቆ ወደ መስኮቱ የዞረው።